መዝጊያው ነው ወይስ መቃኑ? ብሬስና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና አብረው የሚሄዱበት ምክንያት

ዳቦ ስንገምጥ ስለ መግመጡ አናስብም። የላይና የታች የፊት ጥርሱ የማይገናኝለት ሰው ግን ያስባል። ቁራሹን ወደ ጎን አዙሮ በኋላ ጥርሱ ለመቁረጥ ይታገላል፤ ካልሆነለት በእጁ ይቆርሰዋል። ሰው ፊት ሲበላ አፉን ይከልላል። ፎቶ ሲነሳ ከንፈሩን ይገጥማል። "ሰ" ወይም "ዘ" ሲል አየሩ በጥርሶቹ መሃል ሾልኮ ያመልጠዋል። ከዚህ ጋር ዓመታት ኖሮ አንድ ቀን ቆርጦ ይነሳና ጥርስ የሚያስተካክለውን ሽቦ፣ ብሬስ የሚሉትን፣ ሊያሳስር ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። "ዶክተር፣ ብሬስ ማሳሰር ፈልጌ ነበር።" ሐኪሙ አፉን ያያል፣ ራጁን ያያል፣ ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ "ያንተ ችግር በብሬስ ብቻ አይስተካከልም፤ መንጋጋህም ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል" ይለዋል። ሰውየው ክው ይላል።

ድንጋጤው ይገባኛል። ጥርሴን ላስተካክል ብሎ ሄዶ "አጥንትህ ይቆረጣል" መባል የዋዛ ነገር አይደለም። ከድንጋጤው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ሁሌ አንድ ነው፤ "የትኛው ይሻለኛል? ብሬስ ወይስ ኦፕራሲዮን?" እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄው ራሱ ሰውን መንገድ ያስታል። ከባድ የመንጋጋ ችግር ላለበት ሰው ሁለቱ የአንድ ሕክምና ክፍሎች ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። ውሳኔውም መወሰን ያለበት የመጀመሪያዋ የብሬስ ቁራጭ ጥርስ ላይ ከመለጠፏ በፊት ነው። ይህን ሳያውቅ የጀመረ ሰው ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሊከስር ይችላል። አንዳንዴም ጤነኛ ጥርስ ይከስራል።

አልዘጋ ያለ በር አስቡ። ችግሩ መዝጊያው ላይ ከሆነ አናጺው መላጊያውን አንስቶ ጠርዙን ላግ ላግ ያደርግና ያስገባዋል። መቃኑ ራሱ ከተጣመመስ? ያኔም መዝጊያውን እየላጉ ማስገባት ይቻል ይሆናል። በሩ ይዘጋል። ግን መዝጊያው ሳስቷል፣ መቃኑም እንደተጣመመ ነው። ጥርስ መዝጊያው ነው፤ መንጋጋ ደግሞ መቃኑ።

ብሬስ የሚሠራው መዝጊያው ላይ ነው። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር አልተመታም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል ቀጭን የጅማት ሽፋን አለ። ሽቦው ጥርሱን ቀስ አድርጎ ሲገፋው በሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፣ በለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ፍጥነቱ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ግን ጥርሱን የያዘው አጥንት ጠርዝ ውስጥ ነው የሚሆነው። ከጠርዙ አሳልፈው ከገፉት ሥሩ ከአጥንት መውጣት ይጀምራል፤ ድዱም ይሸሻል። ያደገን ሰው መንጋጋ ወደ ፊት የሚያመጣ ወይም ወደ ኋላ የሚመልስ ሽቦ የለም።

ይህን ልዩነት ሕክምናው ራሱ ለመረዳት ጊዜ ወስዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1899 አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል የጥርስ አለመግጠምን በሦስት ክፍል መደበው። ምደባው ዛሬም ይሠራበታል። አንደኛው የኋላ ጥርሶች በትክክል ገጥመው የፊቶቹ የተዛነፉበት ነው። ሁለተኛው የታችኛው ጥርስ ወደ ኋላ የቀረበት፣ ሦስተኛው የታችኛው ወደ ፊት የቀደመበት ነው። አንግል የለካው ግን ጥርስን ነው። ከጥርሱ ጀርባ ያለውን አጥንት መለካት የተቻለው በ1931 ነው። በዚያ ዓመት ብሮድቤንት አሜሪካ ውስጥ፣ ሆፍራት ደግሞ ጀርመን ውስጥ የራስ ቅልን ከጎን በአንድ ወጥ ርቀትና አቀማመጥ የሚያነሳ የራጅ ዘዴ ለየብቻቸው አወጡ። ከዚያ ወዲያ ሐኪም መስመርና ማዕዘን እያሰመረ "ይህ የጥርስ ነው፣ ይህ የመንጋጋ ነው" ማለት ቻለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

የሰው አካል ጉድለቱን ዝም ብሎ አያይም፤ እንደምንም ለመሸፈን ይሞክራል። የታችኛው መንጋጋ ወደ ፊት ሲያድግ የታች የፊት ጥርሶች በከንፈር ግፊት ወደ ምላስ ይጋደማሉ። የላይኞቹ ደግሞ ሊደርሱባቸው ወደ ፊት ያዘነብላሉ። ሁለቱም ወገን እየተንጠራራ ይፈላለጋል። በዚህ ምክንያት በጥርሶቹ መካከል የሚታየው ርቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር ሆኖ የአጥንቱ ልዩነት ከዚያ በብዙ ሊበልጥ ይችላል። የታችኛው መንጋጋ ወደ ኋላ በቀረበት ሰው ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የታች ጥርሶች የላዮቹን ፍለጋ ወደ ፊት ይጋደማሉ።

ሐኪሙ እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ይህን መንጠራራት መቀጠል ነው። መንጋጋውን ሳይነካ ጥርሶቹን ይበልጥ አጋድሞ እንዲገጥሙ ያደርጋል። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን፣ ሰውየውም በፊቱ ቅርጽ ደስተኛ ሲሆን፣ ይህ ጥሩ ሕክምና ነው። ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ሁለተኛው መንገድ ጥርሶቹን ከተንጠራሩበት መልሶ በየራሳቸው አጥንት ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆምና ከዚያ አጥንቱን በቀዶ ሕክምና ማንቀሳቀስ ነው።

ልብ በሉ፤ ሁለቱ መንገዶች ጥርስን የሚገፉት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። አንዱ ወደ ኋላ ያጋደመውን ሌላው ወደ ፊት ያነሳዋል። የሚነቀለው ጥርስ እንኳ ይለያያል። የታችኛው መንጋጋው ወደ ኋላ የቀረበት ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ሲታከም ቦታ ለማግኘት ብዙ ጊዜ የሚነቀለው የላይኛው ጥርስ ነው። ለቀዶ ሕክምና ሲዘጋጅ ግን፣ መንቀል ካስፈለገ፣ ብዙውን ጊዜ የታችኛው ነው። ስለዚህ "ለጊዜው በብሬስ ልሞክረውና ካልሆነ ኦፕራሲዮን እሆናለሁ" የሚለው ሐሳብ፣ ምንም እንኳን ጥንቃቄ ቢመስልም፣ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነው። ካልሆነ የመጣበትን መንገድ በሙሉ መመለስ አለበት። የተነቀለው ጥርስ ደግሞ አይመለስም።

አንዲት የ20 ዓመት ወጣት እናስብ። የታችኛው መንጋጋዋ ቀድሟል። ለቀዶ ሕክምና እየተዘጋጀች ነው። ብሬስ ካሰረች አሥር ወሯ ነው። ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ጥርሷን ስትነክስ የታች ጥርሶቿ ከበፊቱ ይበልጥ ወጥተዋል። ጥርሶቿ በየራሳቸው ቀጥ ብለዋል፤ ግን አይገናኙም። አገጯ የገፋ ይመስላል። በፊት በመጠኑም ቢሆን ትገምጥበት የነበረው ጥርስ አሁን ከነጭራሹ አይነካካም። ቤተሰብ "ይሄ ነገር እያበላሸሽ ነው እንዴ?" ይላታል። ያበላሻት ነገር የለም። የተደበቀው ልዩነት ነው በሙሉ የወጣው። ቀዶ ሐኪሙ መንጋጋውን ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅስ የሚወስነው ይህ ክፍተት ነው። ጥርሶቹ ተጋድመው ቢቀሩ ኖሮ አጥንቱ ጥቂት እንደሄደ ጥርስ ከጥርስ ይጋጭና እዚያው ይቆም ነበር።

ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው በዚህ ወቅት ተስፋ ይቆርጣል። አቋርጦ የሚጠፋም አለ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሕክምናው እየሠራ ባለበት ሰዓት የከሸፈ መስሎ ይታያልና። አምስት ደቂቃ ማስረዳት ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ዝግጅቱ ማለቁ የሚታወቅበት መንገድ ደግሞ ዓይን የሚሞላ ነው። ብሬሱን የሚያስረው ሐኪም፣ ኦርቶዶንቲስቱ፣ የላይና የታች ጥርሶቿን ቅርጽ ወስዶ በጄሶ ይቀርጸዋል፤ አሁን አሁን በስካነር ኮምፒውተር ላይ የሚያየውም ብዙ ነው። ሁለቱን ጄሶዎች በሁለት እጁ ይይዛል። የታችኛውን ገፋ አድርጎ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሚሆንበት ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ነካ ነካ ያደርገዋል። የሚንገዋለል ከሆነ አንድ ቦታ ላይ የሚጋጭ ጥርስ አለ ማለት ነው፤ ገና ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ቦታ ላይ ነክቶ ረግቶ ከተቀመጠ ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ይላካል። ወደዚህ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል።

ስለ ዕድሜ አንድ ነገር ልበል። በልጅነት መንጋጋ ገና እያደገ ስለሆነ እድገቱን በመጠኑ መምራት ይቻላል። የላይኛውን መንጋጋ የሚያሰፉና ወደ ፊት የሚስቡ መሣሪያዎች አሉ። ልጅን ቀደም ብሎ ማሳየት ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቀዶ ሕክምናው ግን በአብዛኛው እድገት እስኪቆም ይጠብቃል። ከፊት አጥንቶች መጨረሻ ላይ እድገቱን የሚያቆመው የታችኛው መንጋጋ ነው። ሴቶች ላይ ቀደም ይላል፤ ወንዶች ላይ እስከ 18 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቀጥል ይችላል። ቸኩለው የቀደመውን መንጋጋ ቢመልሱት እንደገና ያድግና ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ሐኪሞች በስድስት ወር ወይም በዓመት ልዩነት የተነሱ ሁለት ራጆችን አደራርበው የሚያዩት ለውጥ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው። የቀደመ መንጋጋ በዘር እንደሚወርድም ይታወቃል። በቀደመ አገጫቸው የሚታወቁትን የአውሮፓ የሃብስበርግ ነገሥታት ሥዕል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሐኪም አያስፈልገውም።

የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1849 ሳይመን ሃሊሄን የተባለ አሜሪካዊ በልጅነቷ በእሳት ተቃጥላ ጠባሳው የታችኛውን መንጋጋዋን ያጣመመባትን ወጣት አጥንት ቆርጦ አስተካክሏል። ዛሬ የሚሠራባቸው ሁለት ዋና ዘዴዎች ግን የመጡት ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱም ላይ የቀዶ ሐኪሙ የሁጎ ኦብቬጌዘር እጅ አለበት። በ1950ዎቹ ከመምህሩ ከትራውነር ጋር የታችኛውን መንጋጋ ከኋላ በኩል እንደ ሁለት ሳንቃ ለሁለት የሚሰነጥቅ ዘዴ አስተዋወቀ። ሳንቃዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፤ መንጋጋው ወደ ፊትም ቢሄድ ወደ ኋላ አጥንት ከአጥንት ጋር ሰፊ ቦታ ላይ እንደተነካካ ይቀራል። ስለዚህም ይድናል። ላይኛውን መንጋጋ በሚመለከት ደግሞ ፈረንሳዊው ረኔ ለፎር በ1901 የፊት አጥንት በአደጋ ጊዜ የሚሰበርባቸውን መስመሮች መዝግቦ ነበር። ቀዶ ሐኪሞች ኦብቬጌዘር ባስፋፋው ዘዴ ያንኑ የታችኛውን መስመር ተከትለው ከጥርስ ሥሮች በላይ ይቆርጣሉ። አጥንቱ ደም አጥቶ ይሞት ይሆን የሚለው ስጋት የተፈታው በአሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም በዊልያም ቤል ጥናቶች ነው። በላንቃና በድድ ሥጋ በኩል የሚመጣው ደም አጥንቱን በሕይወት እንደሚያቆየው አሳየ።

ሥራው በሙሉ ማደንዘዣ ነው የሚሠራው። መተንፈሻው ቱቦ በአፍ ሳይሆን በአፍንጫ ይገባል፤ ሐኪሙ ሥራው መሃል ላይ ጥርስ ማስነከስ ስላለበት ነው። የሚቆረጠው ከአፍ ውስጥ ስለሆነ ፊት ላይ የሚቀር ጠባሳ አይኖርም፤ አልፎ አልፎ ብሎን ለማስገባት ጉንጭ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ሊያስፈልግ ይችላል። ከጥርስ ጋር ልክክ የሚል ስስ የፕላስቲክ መምሪያ ተዘጋጅቷል። ጥርሶቹ እሱ ላይ ይቀመጣሉ፤ አጥንቱ በታይታኒየም ፕሌት፣ ማለትም በስስ የብረት ሳህን፣ እና በብሎን ይታሰራል። ከፕሌቱ ዘመን በፊት የላይና የታች ጥርስ ስድስት ሳምንት ያህል በሽቦ ተጠፍሮ ይቆይ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሰው በላስቲክ ብቻ ተደግፎ ከቀናት በኋላ አፉን መክፈት ይጀምራል።

ሦስተኛውን ቀን ግን ማንም ሊያለሰልሰው አይገባም። እብጠቱ ጣሪያ የሚነካው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ዓይን ይጠባል። አፍንጫ ይደፈናል፤ አፍ ደግሞ በላስቲክ ተይዟል። ትኩስ ነገር ስለማይቻል ለብ ያለ ሾርባ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ በጉንጭ በኩል ይገባል። ግማሹ በአገጭ ይወርዳል፤ መውረዱ ግን አይታወቅም፤ ከንፈሩ ደንዝዟልና። የታችኛውን ከንፈርና አገጭ የሚያስተዳድረው ነርቭ መንጋጋው ውስጥ ለውስጥ ያልፋል፤ አጥንቱ ሲሰነጠቅ መነካካቱ አይቀርም። ብዙዎች ላይ ስሜቱ በሳምንታትና በወራት ይመለሳል። ጥቂቶች ላይ ግን የተወሰነ ድንዛዜ ለዘለቄታው ይቀራል። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ዕድሉ ከፍ ይላል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ፈገግታም አይበላሽም፤ የሚቀንሰው የመዳሰስ ስሜት ነው። ከመፈረም በፊት ጥርት ብሎ መነገር ያለበት ይህ ነው። ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ አጥንቱ በመጠኑ ወደ ነበረበት መመለስም አሉ። የሚያጨስ ሰው ቁስሉም አጥንቱም ይዘገይበታል።

አጥንቱ ለመያያዝ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ እስከዚያ ለስላሳ ምግብ ብቻ ነው። ከዚያ ኦርቶዶንቲስቱ ይረከባል። ብሬሱ አልወለቀም፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜም እዚያው ነበር። ስድስት ወር አካባቢ የሚፈጅ የማጣራት ሥራ አለ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲደመር ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ሦስት ይሆናል። ብሬሱ ከወለቀ በኋላ ጥርሶቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው እንዳይመለሱ የሚይዛቸውን መያዣ አለማድረግ ይህን ሁሉ ድካም ማባከን ነው።

ሁለት ዓመት ረጅም ስለሆነ ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡ ሐኪሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓናውያን ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናውን አስቀድመው የሠሩበትን ታካሚ ታሪክ አሳትመው ብዙ መነጋገሪያ ሆነ። ፊት ወዲያው ይስተካከላል፤ ያቺ የአሥረኛው ወር መስታወት አትመጣም። የተቆረጠ አጥንት በሚድንበት ወቅት አካባቢው ስለሚነቃቃ ጥርስም ለጥቂት ወራት ፈጠን ብሎ ይንቀሳቀሳል። ችግሩ ቀዶ ሐኪሙ ገና ባልተስተካከለ ጥርስ ላይ ተመሥርቶ መንጋጋውን የሚያስቀምጥ መሆኑ ነው። የወደፊቱን የጥርስ ቦታ በልቡ ቆጥሮ መሥራት አለበት። ጥርሳቸው ብዙም ላልተደራረበ፣ ሐኪሞቻቸውም ለለመዱት ሰዎች ጥሩ መንገድ ነው። ለሁሉም የሚሆን አቋራጭ አድርጎ ማቅረብ ግን ትክክል አይመስለኝም። የኮምፒውተር ፕላኑም እንደዚሁ ነው። ሲቲ ስካንና የጥርስ ስካን ተጣምረው አጥንቱ በሚሊ ሜትር ይታቀዳል፤ መምሪያውም በ3ዲ ፕሪንተር ይታተማል። ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የወደፊት ፊት ግን ግምት ነው፤ ሥጋና ቆዳ አጥንትን እኩል አይከተሉምና።

"ለመልክ ነው ወይስ ለጤና?" የሚል ክርክርም አለ። ብዙም አይጠቅመኝም። ማኘክ፣ መናገር፣ ከንፈር ሳይጨነቅ መግጠም ጤና ነው። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆራረጥባቸው አንዳንድ ሰዎች ሁለቱም መንጋጋቸው ወደ ፊት ሲመጣ የአየር መንገዳቸው ይሰፋል። በተቃራኒው የታችኛውን መንጋጋ ብዙ ወደ ኋላ መመለስ የአየር መንገዱን ሊያጠብ ይችላል፤ ስለዚህ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ሥራውን ከፍለው ላይኛውንም ወደ ፊት ያመጣሉ። በፊቱ ቅርጽ ምክንያት ሲጎዳ የኖረ ሰውም መልኩን ቢያነሳ ነውር የለበትም። የመንጋጋ መጋጠሚያ ሕመምን ብቻ ለማዳን ተብሎ መግባት ግን አይመከርም፤ ለዚያ ዋስትና የለም። ኢንተርኔት ላይ "ምላስን ላንቃ ላይ በመጫን መንጋጋ ይስተካከላል" የሚሉ ቪዲዮዎች የሚያዩ ወጣቶችም ይህን ይወቁ፤ ያደገ ሰው አጥንት በዚያ እንደሚንቀሳቀስ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። እዚያ የሚታዩት የ"በፊት" እና የ"በኋላ" ፎቶዎችም መሃላቸው ላይ ምን እንደተደረገ አያሳዩም።

እንግዲህ ብሬስ ሊያሳስር የሚሄድ ሰው፣ የላይና የታች ጥርሱ በደንብ የማይገጥም ከሆነ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የሚጠይቀው ነገር አለ። "ዶክተር፣ ችግሬ የጥርስ ነው ወይስ የመንጋጋ? ጥርሶቼን ወደ የት ነው የምትገፋቸው? የሚነቀል ካለ የትኛው ነው፣ ለምን?" መልሱ ወደ መንጋጋ ካመራ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ "ይህን ፕላን ቀዶ ሐኪሙ አይቶታል?" ካላየው ብሬሱ አንድ ወር ቢዘገይ የሚጎድል ነገር የለም።